በሩ ላይ የቆመው ሰው

«አ! አንተም መጣህ? ጥሩ አደረግህ» አለ ሽሎሚ፤ ይዞት የገባውንም፣ ቡሬካስ የሚሉት የአይብ ሳምቡሳ የሞላበት ትሪ ለአፀደ አባት አስታቀፋቸው። «ወደ ኩሽና አድርሰው፤ ገና ትኩስ ነው።»

የሐዘኑ አራተኛ ቀን ነበር። ሐዘንተኛ አይታዘዝም። ሐዘንተኛ ለራሱ ውኃ እንኳ ተነሥቶ አይቀዳም፤ ይህን ጎንደርም ያውቃል፣ እዚህ እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ፣ የሻዓራይም ሠፈር የመናውያን ጎረቤቶችም ያውቃሉ። አባ ዳኘው ግን፣ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ልጃቸውን ዓርብ ዕለት ቀብረው፣ ለሐዘን የተቀደደ ሸሚዛቸው ደረታቸው ላይ እንደ ተንጠለጠለ፣ በዕብራይስጥ «ቤሰደር» ብለው እሺ አሉ። ትሪውንም ተሸክመው ወደ ኩሽና ሄዱ።

አፀደ ከፍራሹ ላይ ሆና ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ነርስነት ትማራለች፤ ዕብራይስጡን ከዚያ ሰውዬ እኩል ትናገረዋለች። «ስማ፣ እሱ እኮ…» ብላ ስትጀምር አባቷ ከኩሽናው በር ላይ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ተይ ማለታቸው ነው። ተወች።

ሽሎሚ ቴል አቪቭ ውስጥ የጭፈራ ቤት አለው። የሞተው ሰይፉ፣ የአፀደ ታላቅ ወንድም፣ ለዚህ ሰው ሦስት ዓመት ሠርቷል። የመጥሪያ ካርድ ያሳትማል፤ ካርዱን በየካፌውና በባሕሩ ዳር ያድላል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚመጣ ያውቃል፤ ሐሙስ ሲመጣ ቤቱን በሰው ይሞላል። ባለፈው ዓርብ ንጋት ከሥራ ሲመለስ የተሳፈረባት መኪና ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨች። ሰንበት ሳይገባ ቀበሩት።

«ሴፊ የከተማው ንጉሥ ነበር» አለ ሽሎሚ፣ ከምኩራብ በተዋሱት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ። ሰይፉን እንዲህ ነበር የሚጠሩት። «ከሩቅ ጫማውን አይቶ ሰውን ያውቃል። ማን ጠብ እንደሚያነሣ፣ ማን ሌላ ሰው እንደሚስብ፣ ማን ፊቱን አጥቁሮ ጥግ ይዞ እንደሚቀመጥ። እንዲህ ያለ ዓይን አላየሁም።» ዙሪያውን ቃኘ። «አባቱስ የታለ? እጁን ልጨብጠው ነበር።»

ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ዕብራይስጥ የሚሰሙት ወደ ኩሽናው በር ዞሩ፤ የማይሰሙትም እነሱን ተከትለው ዞሩ። አባ ዳኘው እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ ከኩሽና ወጡ።

«አባት አሁን ይመጣል» አሉ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጥ።

ሽሎሚ ጥቂት ጠበቀ፤ ሰዓቱን አየ፤ ተነሣ። ከመውጣቱ በፊት ለአፀደ ትንሽ ከረጢት ሰጣት። «ቢሮ ውስጥ የተወው ነው። ለአባቱ ስጪው።» ከረጢቱ ውስጥ የሰይፉ ጥቁር ጃኬት ነበር፤ በጃኬቱ ኪስ ደግሞ በአውራ ጣት የምትጫን፣ ከብረት የተሠራች ሰው መቁጠሪያ።

የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ አልጠበቀችም።

«አባ! ምን ማለትዎ ነው?»

«እንግዳ በለቅሶ ቤት አይዋረድም።»

«የተዋረዱት እርስዎ ነዎት! ጥቁር ያየ እንደሆን አገልጋይ ይመስለዋል፤ እርስዎ ደግሞ ትሪውን ይዘው ይሄዱለታል!»

«ምን ሆንሁ? ትሪ ያዝሁ። ትሪ ሰው አይገድልም።» ወደ ፍራሻቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ዓይናቸው ክፍት ወደ ሆነው የግቢ በር ሄደ። «ይልቅ አንድ ነገር ንገሪኝ። የሰይፉ ጓደኞች የት ገቡ?»

ሽማግሌዎቹ ከአሽዶድም ከአፉላም መጥተዋል። ክፋር ማርሞሬክ ያሉት ዘመዶች በየቀኑ ድስት ይዘው ይመጣሉ። ከእኛ ልጆች ግን፣ ከወጣቶቹ፣ አራት ቀን ሙሉ አንድም ሰው ደፉን አልረገጠም። ለቅሶ መቅረት ደግሞ ሠርግ እንደ መቅረት አይደለም። ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ ለለቅሶ ይመጣሉ፤ ሩቅ ቆመው፣ ሳይጨባበጡ፣ ግን ይመጣሉ። ያልመጣ ሰው ሊናገር የፈለገው ነገር አለው።

*

ጭፈራ ቤቱን አፀደ አንድ ጊዜ ብቻ አይታዋለች፤ እሱም በቀትር። ከሁለት ዓመት በፊት ሰይፉ «ነዪ፣ መንግሥቴን ላሳይሽ» ብሎ ከረሆቮት ጣቢያ በባቡር ይዟት ሄደ። አሮጌ መጋዘን ነበር። ወለሉ ጫማ ይይዛል። የትናንት ሲጋራና የፈሰሰ ቢራ ይሸታል። ሰይፉ ግን ወለሉ መካከል ቆሞ እጁን ዘርግቶ እንደ ሰባኪ ተናገረ።

«ሰው ከተማ የሚለው ቀኑን ነው፤ ሞኝ ስለሆነ። ቀኑን ለቢሮ ሰጥተውታል። በቀን አንቺ ማነሽ? ፋይል ነሽ። ከየት መጣሽ፣ መቼ መጣሽ፣ አባትሽ ምን ይሠራል። ሌሊት ማንም ፋይል አይከፍትም። መብራቱ ሲቀንስ ሁሉም ሰው አንድ ቀለም ነው።»

«አንተም?»

«እኔማ መብራቱን የምቀንሰው ነኛ!»

ሣቀች። እሱም ሣቀ፤ ባንኮኒው ላይ ዘሎ ተቀመጠ።

«ሙዚቃው እንዳይመስልሽ፤ ሙዚቃ በሬዲዮም አለ። መጠጡም አይደለም። ጭፈራ ቤት ማለት ውጭ የቆመው ሰልፍ ነው። አገር ቤት ድግስ ላይ ያልተጠራም ይበላል፤ ለዚህ ነው ድግሱ በማግስቱ የሚረሳው። እዚህ ግን ሰው የሚመጣው ለመግባት አይደለም፤ ሌላው ውጭ ሲቀር ለማየት ነው። በሩን የያዘ ከተማውን ያዘ። ገባሽ?»

ገብቷት ነበር፤ የገባት መሰላት። ውጭ የሚቀረው ማን ነው ብላ ግን አልጠየቀችም።

«በሌሊትስ መቼ ታመጣኛለህ?»

«በዚህ ሳምንት ሞልቷል። በሚቀጥለው።»

በሚቀጥለውም ሞልቶ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞልቶ ነበር። እሷም ወንድሟ ምን ያህል የተሳካለት ሰው ቢሆን ነው እያለች፣ ለክፍል ጓደኞቿ እየተኩራራች፣ ሁለት ዓመት ጠበቀች።

እንዴት አታምነው? ወደ እስራኤል ሲሰደዱ፣ ሱዳን መጠለያ ሰፈር ውስጥ እናታቸው ከሞተች በኋላ፣ አባታቸው በወባ ተይዘው ከሰፈሩ ሕመምተኞች ጋር በፊት በሄደው መኪና በተጫኑ ጊዜ፣ እሷን የያዛት እሱ ነበር። እሷ አሥራ ሦስት፣ እሱ አሥራ ስምንት። ወደ አውሮፕላኑ በሚወስደው የጭነት መኪና ላይ ሰው የሚያሳፍረው ሰውዬ ለሰይፉ «ለአንድ ሰው ቦታ አለ፤ ግባ» አለው። ሰይፉ እጇን ጨብጦ «ወይ ሁለታችን፣ ወይ ማናችንም» አለ። መኪናው ትቷቸው ሄደ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ በሌላ መኪና አብረው ገቡ። አፀደ ስለ ወንድሟ የምታውቀው ይህን ነበር፤ ሌላ ማወቅ ያስፈልጋት አይመስላትም ነበር።

*

በአምስተኛው ቀን የአባቷ እኅት ሙሉዬ ከረጢቱን ፈታ ጃኬቱን በጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ሙሉዬ አልቃሽ ናት። እንደ አገር ቤቱ ልማድ የሟቹን ዕቃ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በዕቃው ሥራውን ታወሳለች። ለገበሬ በሬውን የሚነዳበትን፣ ለቀጥቃጭ መዶሻውን። ለዚህኛው ምን እንደምትይዝ አራት ቀን ሲያስጨንቃት ሰንብቷል።

«ይህቺ ብረት ምንድን ናት?»

«ሰው መቁጠሪያ ናት፣ አክስቴ። አንድ ሰው ሲገባ አንዴ ይጫናታል።»

ሙሉዬ ቁጥር ታነባለች፤ የምታነበውም ቁጥር ብቻ ነው። ብረቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻት። «አራት፣ አንድ፣ ሁለት።»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት። የመጨረሻው ዕለት የገባው ሰው ነው።»

«በአንድ ቀን? ውይ ልጄን! እኔ ስዳር ሦስት ቀን ተደግሶ ይህን ያህል አልገባም፤ ያውም ግማሹ ባላንጣ ነበር።» በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች በለቅሷቸው መካከል ሣቁ። «እንግዲህ አገኘሁት። በር ከፋች ነበር።»

*

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት አንድ ወታደር ገባ። አለበል ነው፣ የሁለት ቤት ማዶ ጎረቤት፣ የሃያ ዓመት ልጅ። ጠመንጃውን ወደ ኋላ አዙሮ ሽማግሌዎቹን በየተራ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ። አባ ዳኘው ጉንጩን ይዘው ሳሙት። ከወጣቶቹ የመጀመሪያው ነበር፤ ብቻውን።

አፀደ ወደ ግቢው፣ ወደ ብርቱካኑ ዛፍ ሥር ወሰደችው።

«ዛሬ መምጣትህ ነው? አባቴ ስድስት ቀን በር በር ሲያይ!»

«አፀዲ፣ አትቆጪኝ።»

«እቆጣለሁ! የት ነበራችሁ? አንተ፣ እነ ኢታይ፣ እነ አስፋው! ትናንት የእኛን ቤት ድስት ስትልሱ አልነበረም?»

«ላለመምጣት ተስማምተን ነበር» አለ።

«ምን አላችሁ?»

«ተስማምተን። ሁላችንም።» የቆቡን ጠርዝ በጣቱ ይጠቀልል ጀመር። «የጦር ሠራዊት ሥልጠና የጨረስን ዕለት ስድስት ሆነን ወደ ሰይፉ ጭፈራ ቤት ሄድን። ኢታይ ሸሚዝ ገዛ። እኔ ያባቴን ጫማ ወለወልሁ። ማንም ሌላ ጭፈራ ቤት እንደማያስገባን እናውቃለን፤ በየበሩ ተሞክሯል። የሰይፉ በር ግን የኛ በር ነው አልን። በሩ ላይ የቆመው እሱ ነዋ!»

«እሺ።»

«እሱም አየን። አንድ በአንድ አየን፣ ጫማችንን ሳይቀር። ከዚያ ‹የዛሬው ለተጠሩ ብቻ ነው› አለን። ከኋላችን የነበሩትን አራት ፈረንጆች በጎናችን አስገባቸው። ካርድ አልጠየቃቸውም። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገ።»

«ባለቤቱ አዞት ይሆናል።»

«ይሆናል። እኔም ለራሴ እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን አፀዲ፣ በዕብራይስጥ ነው የተናገረን። እናቴን እትዬ የሚል፣ በአማርኛ የሚሰድበኝ ሰውዬ በዕብራይስጥ ‹አዶኒ፣ ከመንገድ ዞር በል› አለኝ። ጌታዬ ማለቱ ነው፤ እንደማያውቀኝ። በአማርኛ ቢከለክለኝ ይቅር እለው ነበር። ‹አንት ልጅ፣ እንጀራዬን አትዝጋብኝ፣ ሂድ› ቢለኝ እየሣቅሁ እሄድ ነበር።»

አፀደ የዛፉን ግንድ ያዘች። በሚቀጥለው ሳምንት። በዚህ ሳምንት ሞልቷል። በቀትር ያሳያት በሌሊት የራሱን በር ማለፍ ስለማትችል ነበር። እጇን ይዞ «ወይ ሁለታችን» ያለው ሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለእሷም የተጠሩ ብቻ ነው ሲላት ኖሯል፤ እሷ ደግሞ እንደ ክብር ተቀብላዋለች።

«ታዲያ አሁን ለምን መጣህ?»

አለበል ወደ ተከፈተው ቤት አየ። «እዚህ በር ላይ የሚቆም የለም ብዬ። ለቅሶ እኮ ካርድ የለውም።»

ከውስጥ የሙሉዬ ድምፅ ተነሣ። ሁለቱም ገቡ። ሙሉዬ ከመካከል ቆማ በግራ እጇ ጃኬቱን፣ በቀኟ ብረቷን ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ይቀበሏታል።

«በሩ ላይ የቆመ እንደ ዋርካ ጥላ፣
ወገኑን አስገቢ ሰው የማያጉላላ።»

አፀደ አለበልን አየችው። ራሱን ደፍቷል፤ ጆሮው ቀልቷል። ሊወጣም አይችልም፤ የሟች ስም ሲነሣ ተነሥቶ መውጣት ነውር ነው። በሕይወቱ ውጭ ያስቀረው ሰው፣ ሞቶ ደግሞ ውስጥ አስቀምጦ ውሸቱን ያሰማዋል። ይህን መሸከም አልቻለችም።

«በቃ!» አለች። «አክስቴ፣ በቃ። በር ከፋች አልነበረም። በር ዘጊ ነበር!»

የሙሉዬ እጅ በአየር ላይ ቀረ።

«ወገኑን አላስገባም! ይህን ልጅ ጠይቁት። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሲገባ ከእኛ አንድም አልነበረበትም፤ እኔም እኅቱ አልነበርሁበትም! ስድስት ቀን ሙሉ ልጆቹ የት ገቡ ትላላችሁ። እሱ ያቆማቸው ቦታ ናቸዋ! ውጭ!»

«አንቺ!» አለ አንድ ሽማግሌ። «ሙት ይወቀሳል?»

«በቁሙ ማን ወቀሰው? እንግዲያውስ መቼ ይወቀስ?»

ሁሉም ወደ አባ ዳኘው ዞረ። አባቷ ይቆጧታል ብለው ጠብቀው ነበር። አባ ዳኘው ግን መሬቱን እያዩ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ያህል ቀስ ብለው ጀመሩ።

«ባለፈው የስግድ በዓል አልመጣም። ጾሙን ከኢየሩሳሌም ስንፈታ የሱን ድርሻ ዳቦ በነጠላዬ ቋጠርሁለት። ቤት እስኪመጣ ይደርቃል ብዬ አውቶቡሱ ቴል አቪቭ ላይ ጣለኝ። እየጠየቅሁ ደረስሁ። ገና መምሸቱ ነው፤ ሰው ተሰልፏል። እኔ ነጭ ለብሻለሁ። ልጄ በሩ ላይ ቆሟል፤ ያቺን ብረት ይዟል። ስሙን ጠራሁት።»

ወደ ሙሉዬ ቀኝ እጅ፣ ወደ ብረቷ፣ አዩ።

«ያ ትሪ የሰጠኝ ሰውዬ ከጎኑ ነበር። ‹ይሄ ማነው?› አለው። ልጄ አየኝ። ‹ኒካዮን› አለ። ‹አዲሱ ጽዳት ነው።› ከዕብራይስጥ መጀመሪያ ያወቅኋት ቃል እሷ ናት፤ ስምንት ዓመት ወለል እየጠረግሁ በሷ ነው የኖርሁ። ምነው ሌላ ቋንቋ ቢናገር፣ ባልሰማሁት።»

«እና?» አለች አፀደ።

«ሰውዬው መጥረጊያ ከግድግዳው አንሥቶ ሰጠኝ። ተቀበልሁ።»

«ጠረጉ?»

«ጠረግሁ። መግቢያውን፣ ከዚያ ውስጡን። ከኋላዬ ያቺ ብረት ትሰማኛለች። ጠቅ። ጠቅ። ለገባው ሁሉ። እኔ ስገባ አልጮኸችም።»

«ለምን፣ አባ? ለምን ጠረጉ? ‹አባቱ ነኝ› አይሉም?»

አባ ዳኘው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። «ልጄ በሰው ፊት ውሸታም እንዳይባል ነዋ!»

አለበል ፊቱን በቆቡ ሸፈነ። ሙሉዬ ጃኬቱን ቀስ ብላ አጠፈችው።

«በኋላ ወደ ጓሮ መጣ» አሉ አባ ዳኘው። «ዳቦውን ሰጠሁት። ቆሞ በላው፤ ፍርፋሪውን ሳይቀር። ምንም አላለኝ። ግን በላው።»

«ስለበላ ማሩት?»

«አላልሁም።» ሸሚዛቸውን፣ የተቀደደውን፣ በእጃቸው ሰበሰቡት። «በላው ነው ያልሁሽ።»

*

በሰባተኛው ቀን ጧት የቤተ እስራኤሉ ቄስ ጸሎቱን አድርሰው «ተነሡ» አሉ። ሐዘንተኞቹ ከፍራሽ ተነሥተው በሠፈሩ አንድ ዙር መሄድ አለባቸው፤ የጎረቤቶቹ ልማድ ነው፤ አባ ዳኘውም ተቀብለውታል። የግቢው በር ሲከፈት አለበል መንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር። አብረውት አምስት ልጆች አሉ። ኢታይም አለ። አንዳቸውም ወደ ግቢው አልቀረቡም።

«ለእርስዎ ነው የመጣን፣ አባ ዳኘው» አለ አለበል። «ለእሱ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ያላ፣ እንሂድ።»

ልጆቹ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ተከተሏቸው። አፀደ አልሄደችም። በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ ብረቷ እጇ ውስጥ ነበረች። ጎኗ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለች፤ እሷን ካዞሯት ቁጥሩ ሁሉ ዜሮ ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ ልታዞራት አሰበች። ከዚያም ወደ ባቡሩ ሐዲድ ልትወረውራት አሰበች። አላደረገችውም። በውስጥዋ ያለው ንዴት ገና ትኩስ ነበር፤ የሚወቀሰው ሰው ግን መልስ አይሰጥም፣ ሊሰደብ አይችልም፣ በር ላይ ቆሞ ጫማዋን ሊያይ አይችልም። ይህም ሌላ ክህደት ሆኖ ታያት፤ ሳይጠየቅ አመለጣት።

አባቷ ዙሩን ጨርሰው ተመለሱ። ልጆቹ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። አባ ዳኘው ብቻቸውን ግቢውን አቋርጠው መጡ፤ ደፉ ጋ ሲደርሱ፣ ከልማዳቸው፣ ከበሩ ጎን የተጠጋውን መጥረጊያ እንዳይወድቅ በእጃቸው ገፋ አድርገው አቃኑት። ከዚያ አንድ እግራቸውን አስገቡ።

አፀደ በአውራ ጣቷ ተጫነች።

ጠቅ።

አባ ዳኘው ቆሙ። ወደ እሷ አልዞሩም። ትንሽ ቆይተው ሁለተኛውን እግራቸውን አስገቡ።